መቶ አሥራ ሰባት ብየዳ

ነገሩ የጀመረው በራዲያተር ነው። ከራዲያተር የጊታር ማጉያ እንዴት ይወጣል እንዳትሉኝ፤ ይወጣል፣ ትንሽ ብቻ ታገሱኝ።

አባባ፣ ማለት አባቴ አቶ መሸሻ፣ ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። ኮልፌ ውስጥ ከእትዬ ዙቤዳ ወፍጮ ቤት አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ኩራዝ፣ የጋዝ መቅጃ፣ የአትክልት ማጠጫ ይሠራሉ። የሚያፈስ ባልዲ፣ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ፣ የሚያፈስ በርሜል፣ ብቻ የሚያፈስ ነገር ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ጋ ነው። ሰፈር ውስጥ "መሸሻ የበየደው እቃው ይሞታል እንጂ ብየዳው አይሞትም" ይባላል። እሳቸው ይሄን ሲሰሙ እንዳልሰማ ሰው ሥራቸው ላይ ጎንበስ ይላሉ፤ ደስ እንዳላቸው የሚያውቀው ከሰል የማራግበው እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ እሁድ፣ ወደ ዘነበወርቅ የሚሄድ ላንድሮቨር እኛ በር ላይ ሲደርስ እንፋሎቱን ለቀቀው። የሚነዳው እዛ ሆስፒታል ውስጥ የኤክስሬይ ማሽን የሚጠግን ፈረንጅ ነው። አባባ ከቤተክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር። ነጠላቸውን አውልቀው አስያዙኝና ራዲያተሩን አስወርደው በየዱለት። ሰውየው ብር ሲያወጣ እጁን መለሱት።

"እሁድ መሥራት ክልክል ነው፣ መርዳት ግን አልተከለከለም። ብሩን ከተቀበልኩ ሥራ ይሆንብኛል በለው" አሉኝ።

እኔም በአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ይግባው አይግባው እንጃ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመስግኖ ሄደ።

ለካ ገብቶታል። አምና መስከረም ላይ አገሩ ሊገባ ሲል ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። "ጊዜ ሳገኝ እሠራዋለሁ ብዬ አስመጥቼው ነበር። ጊዜ አላገኘሁም። ልጅህ ይሥራው" አላቸው። አስተርጓሚው እኔው ነኝ፣ ስለራሴ ነው የማስተረጉመው። ቀጠለና "ደግሞ ዛሬ እሁድ ስለሆነ ክፍያ አይደለም በላቸው" አለኝ። እውነትም እሁድ ነበር። አባባ ካርቶኑን ተቀበሉ።

ካርቶኑን አልጋዬ ላይ ዘረገፍነው። የጊታር ማጉያ ነው፤ አምፕሊፋየር የሚሉት፣ ጊታር ሲሰካበት ድምፁን አግንኖ በስፒከር የሚያወጣው። ግን ገና አልተገጣጠመም። ብረት ሳጥኑ ለብቻ፣ ሁለት ከባድ ትራንስፎርመር ለብቻ፣ ስፒከሩ ለብቻ። አራት ቫልቮች በጋዜጣ ተጠቅልለዋል፤ አምፖል ይመስላሉ፣ ግን ሆዳቸው ውስጥ ሌላ ብረት አለ። ከዛ ደግሞ በየከረጢቱ የታሰሩ፣ ባለ ቀለም ቀለበት ጥቃቅን ነገሮች። እህቴ ሰርኬ አንዱን ከረጢት ብድግ አድርጋ አየችና "ከረሜላውን ላንተ፣ ብረቱን ለአባባ ነው የሰጠው" አለች።

ወዲያው ሮጬ ጀይሉን ጠራሁት። ጀይሉ አብሮ አደጌ ነው። አባቱ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ ሰፈራችን ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ያለው እሱ ብቻ ነው። ጊታር አለው፣ ማጉያ የለውም። ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ያለ ማጉያ አጠገብህ ላለ ሰው እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ጀይሉ የጊታሩን እንጨት አገጩ ሥር ለጥፎ፣ በአጥንቱ እየሰማ፣ ለራሱ ብቻ ነበር የሚጫወተው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቱ ሲሮጥ አየን እንጂ ዘፈኑን አልሰማንም። ካርቶኑን ሲያይ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

"ይሄ ነገር ከሠራ" አለ፣ "እናቴ የምጫወተውን ሰምታ ጊታሩን ትሰብረዋለች።"

ከእቃው ጋር ወፍራም መጽሐፍ አለ። እያንዳንዱ ሽቦ የት ገብቶ የት እንደሚበየድ በሥዕል ያሳያል፤ አንዱን በይደህ ስትጨርስ ምልክት የምታደርግባት ትንሽ ሳጥንም አለችው። ቆጠርኳቸው፤ መቶ አሥራ ሰባት ናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ በጥቁር መስመር ታጥሮ በወፍራም ፊደል የተጻፈ አለ። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። እርሳሱ እንዲይዝ ሙጫ ብቻ ተጠቀም፣ አሲድ የነካው ማሽን ተበላሽቷል፣ እኛም አናውቅልህም ነው የሚለው። እርሳሱንና መበየጃውን ራስህ ግዛ ይላል።

አባባ የሚበይዱት በአሲድ ነው። ቆርቆሮ ፊቱ ካልጸዳ እርሳስ አይቀበልም፣ የሚያጸዳው አሲዱ ነው። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ላይ ቅርፊቱን ቆርጠው ጠርሙሱ ውስጥ ይጨምሩና አሲዱ እየፈላ እስኪበላው ይጠብቃሉ፤ ሲረጋ "ጠገበ" ይላሉ። ያንን በዶሮ ላባ ቀባ ያደርጉና ከሰል ላይ የጋለውን የመዳብ መበየጃ ያሳርፉበታል። ትስስ ይላል፣ ይጨሳል፣ ከዛ እርሳሱ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ያንን መበየጃ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ሌላ የያዘው ሰው የለም። እኔ ልጃቸው እንኳ እጀታውን ጨብጬው አላውቅም። አንድ ማክሰኞ ከሱቅ ሲገቡ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡትና አልጋዬ ላይ አስቀመጡት። የአሲዱን ጠርሙስ ከጎኑ። ላባዋ እንኳ አልቀረችም።

"እኔ በቁሜ እያለሁ ለሰው የምሰጠው አይመስለኝም ነበር" አሉ። "በል ያዘው።"

መጽሐፉ ጭኔ ላይ ተከፍቷል። በጥቁር የታጠረውን ጽሑፍ አየሁ። ፊታቸውን አየሁ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ጥፋቴ ይሄ ነው። አላውቅም ነበር አልልም፣ አውቅ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት አንድም ብየዳ ያላፈሰሰባቸውን ሰው፣ መበየጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡልኝን ሰው፣ "አባባ፣ የእርስዎ አይሆንም" እንዴት ብዬ ልበል? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

ስድስት ሳምንት ፈጀብን። አባባ ማታ ከሱቅ ሲመለሱ፣ ክንዱ በሲባጎ የታሰረ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ይቀመጣሉ። "አሲዱን አታብዛ። አዎ። አሁን አሳርፈው። ተወው፣ ራሱ ይፍሰስ።" ያ መበየጃ ለበርሜል የተሠራ ነው፣ የዶሮ ራስ ያክላል፤ ጠባብ ቦታ ውስጥ ስከተው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ብየዳው ያበራል። እያንዳንዱን በጥፍራቸው ነካ ነካ ያደርጉና "አታፈስም" ይላሉ። ማሽን መሆኑን ረስተውት አይደለም፤ የምስጋና ቃላቸው ስለሆነ ነው።

አንድ ቀን መስመሩን ለመሞከር ሰክተነው፣ ሶኬቱን ነቅያለሁ ብዬ እጄን ስሰድ፣ ኮንደንሰር የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ቆጥቦ የሚያስቀምጠው እቃ፣ ያስቀመጠውን በሙሉ ለቀቀብኝ። ግድግዳው ጋ ደርሼ ነው የተመለስኩት። አባባ "ተነቅሎም ይናከሳል?" አሉ። ከዛን ቀን ጀምሮ ማሽኑን የሚዞሩት እንደ ሰው ውሻ ራቅ ብለው ነው።

ውጪውን ከሻይ ሳጥን ጣውላ ሠራሁት። ስፒከሩ ፊት የሚወጠር ጨርቅ ሲቸግረኝ ሰርኬ ቢጫ ቀሚሷን አምጥታ መቀሱን ሰጠችኝ። "ጠቦኛል" አለች። አልጠበባትም፣ በበዓል ለብሳው ነበር።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ሙሉውን ሰካነው። ቫልቮቹ ቀስ እያሉ እንደ ፍም ቀሉ። ጀይሉ አንድ ክር መታ። ምን ልበላችሁ፣ ያቺ ድምፅ ቤቱን ሞልታ በመስኮት ወጣች። ጀይሉ ራሱ ደንግጦ ጊታሩን በመዳፉ አፈነው። "የኔ ነው?" አለ።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። የኛ ቤት መብራትና የእትዬ ዙቤዳ ወፍጮ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ወፍጮው ሲነሳ አምፖላችን ይፈዛል፣ ማጉያውም ድምፁ እንደ በሽተኛ ይሆናል። ወፍጮው ሲያቆም ይድናል። ስለዚህ የምንለማመደው የእህል ወረፋ ሲያልቅ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ለሰርኬ ሽማግሌ መጣ። ሙሽራው ደህና ልጅ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ሰርኬም ትወደዋለች። ችግሩ አጎቱ ናቸው፤ አቶ ተክለሃይማኖት። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ፣ ድግሱ እንዴት ይሁን ሲባል እሳቸው ሳቅ አሉና "ባንዱን እኛ እንከራያለን፣ አቶ መሸሻ። እርስዎ ጋ ያለው ምት እንደሆነ የቆርቆሮ ነው" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሳቁ ለክፋት ላይሆን ይችላል፤ ግን በኛ አገር ብረትና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው እንዴት እንደሚታይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አባባ አልሳቁም። "ሙዚቃው በእኔ በኩል ነው" አሉ። "ልጄ በእኔ መበየጃ የሠራው ማሽን አለ። ሌላ ባንድ እንዳትጠሩ።"

ከመጋረጃው ኋላ ሰርኬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛዋለች። "ዱባለ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ያ ሳጥን ያን ቀን እምቢ ካለ እዛ ቤት ውስጥ ስሜ ሰርኬ አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው።"

እምቢ አለ።

ያውም ሠርጉ እሁድ ሊሆን ሰኞ ዕለት። ከሳምንታት በፊት ጫጫ ማለት ጀምሮ ነበር፣ እኔ ወፍጮው ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሰኞ ግን ወፍጮው ቆሞ ስንሰካው ስፒከሩ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ተንጫጫ፣ ተንጫጫና ዝም አለ። ጀይሉ ጊታሩን አገጩ ሥር መልሶ ለጠፈው። 

ጋሪ ተከራይተን አየር ጤና ወሰድነው፣ ጋሽ ሀያቱ ጋ። ጋሽ ሀያቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ገና ሳይነኩት የሬዲዮ በሽታ በማሽተት ያውቃል ይባላል። እውነት ነው። ገለበጠው፣ አፍንጫውን አስጠጋ፣ ከዛ እኔን አየኝ። ያ ሁሉ የሚያበራ ብየዳ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ተበልተው ሲነካቸው ይቆረጣሉ።

"ይሄ ማጉያ ነው ራዲያተር?" አለኝ።

አንዱን ሽቦ በጣቴ ነካሁት፤ ተቆረጠ።

"በአሲድ ነው የበየድከው። መጽሐፍ አልነበረውም?"

"ነበረው።"

"በአሲድ አትበይድ አይልም?"

"ይላል።"

"ታዲያ ማንበብ ያቅትሃል?"

"አባቴ ናቸው አሲዱን ያመጡልኝ፣ ጋሽ ሀያቱ። መበየጃቸውን ጭምር።"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። "አባትህን አክብረህ ማሽኑን ገደልክ" አለ በመጨረሻ። ንግግሩ ቁጣ አልነበረበትም። "ስማ። ትራንስፎርመሩ ደህና ነው፣ ቫልቮቹም ደህና ናቸው። ሁሉንም ፈትተህ፣ አጥበህ፣ በፀሐይ አድርቀህ፣ እንደገና በሙጫ ትበይዳለህ። ሙጫ ያለው እርሳስ እኔ ጋ የቀረኝ ይቺ ናት" ብሎ ጣት የማታክል ቁራጭ አሳየኝ። "ሙጫ ግን የግድ ከፈረንጅ አገር አይመጣም። ማሲንቆ መቺ ጭራውን የሚያሽበት የዛፍ ሙጫም ይሠራል። በአልኮል አሟሙተው።" ከዛ ድምፁን ቀነስ አደረገ። "ከፈለግክ እዚሁ ሱቄ ሥራው። አባትህም ሳያውቁ ያልፋል።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ሳያውቁ ያልፋል። መጽሐፉን ላመጣ ወደ ኮልፌ እየሮጥኩ ተመለስኩ። አባባ ሱቅ በር ላይ ስደርስ አንዲት ሴትዮ ባልዲ ይዘው ቆመዋል፣ አባባም እየበየዱ ያወሩላቸዋል።

"የልጄ ማሽን መቶ አሥራ ሰባት ብየዳ አላት፣ እመቤት። አንዷም አታፈስም። እሁድ ይሰሙታላ።"

 ሴትየዋ ባልዲያቸውን ይዘው እስኪሄዱ ጠበቅኩ።

"አባባ።"

"ምነው? ፊትህ ምን ሆኗል?"

"ማሽኑ ተበላሽቷል። ጋሽ ሀያቱ አይቶታል። አሲዱ ነው፣ ሽቦዎቹን በላቸው።"

መበየጃውን ከሰሉ ላይ መልሰው አስቀመጡ። "እሱ ነው ያለው?"

"መጽሐፉም ይላል።"

"አምጣው።"

አባባ ፊደል አልቆጠሩም። መጽሐፉን ከቤት አምጥቼ ከፈትኩና በጥቁር በታጠረው ላይ ጣቴን አስቀምጬ በአማርኛ ነገርኳቸው። ጣቴ ያረፈበትን ቦታ ሲያዩ ቆዩ።

"የመጀመሪያው ገጽ ነው ይሄ?"

"አዎ።"

"ያኔ መበየጃውን ሳመጣልህ አንብበኸው ነበር?"

"አንብቤው ነበር።"

መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ዘጉት። 

"ሠላሳ ዓመት ስሠራ" አሉ፣ "ስንት ሰው እቃውን መልሶ አምጥቶ 'መሸሻ፣ ይሄ ያፈሳል' እንዳለኝ ታውቃለህ?"

"የእርስዎ አያፈስም ነው የሚባለው።"

"ይባላል። ያፈሳል እንጂ፣ ለምን አያፈስም። አንድ ሰው አፈሰሰ ብሎ ሲመልስልኝ ምን እንደምለው ታውቃለህ? እግዜር ይስጥልኝ ነው የምለው። ያፈሰሰበትን ሳይነግረኝ ሌላ ሠሪ ጋ የሄደው ነው የጎዳኝ።" ተነሱ። "አንተ ሌላ ሠሪ ጋ ሄድክብኝ፣ ዱባለ። ያውም እቤቴ ተቀምጠህ።"

ወደ ጓዳ ገቡና በሩን ገፋ አደረጉት። ከዛ ብረት ሲቀጠቀጥ ሰማሁ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ንዴታቸውን በቆርቆሮ እየተወጡ ነው አልኩ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ መሄድም አልቻልኩ፣ መግባትም አልቻልኩ።

ሲወጡ በእጃቸው ሁለት ነገር ይዘዋል። ከወፍራም የመዳብ ሽቦ ቀጥቅጠው፣ በሞረድ አሹለው፣ የእንጨት እጀታ የገጠሙላቸው ሁለት መበየጃዎች። ጫፋቸው የስንዴ ፍሬ አያክልም።

"ያ የኔው ለበርሜል ነው" አሉ። "እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነበር፤ እኔም ዝም አልኩህ። አንዱ እሳት ላይ ሲሆን አንዱ እጅህ ላይ ይሆናል። አሁን ሙጫ ምን ዓይነት ነው ያለህ ያ ሬዲዮ ጠጋኝ?"

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። የሙጫ ማስቀመጫ ቆርቆሮ የሠሩለት አንድ ማሲንቆ መቺ ነበር፤ ቤቱ ድረስ ሄደው ቆርቆሮውን ከነሙጫው ይዘውት መጡ። ከቆርቆሮው ላይ ያለውን የራሳቸውን ብየዳ በጥፍራቸው ነካ አድርገው ሳያፈስ ስላገኙት ትንሽ ፊታቸው ፈታ አለ።

እንግዲህ ሥራውን ብቻ አስቡት። ማክሰኞ እቤት መልሰን ፈታነው። ረቡዕ ሳጥኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ ፀሐይ ላይ ሰጣሁት፤ እናቴ ከበርበሬው ጎን ተሰጥቶ አይታ "የቱ ነው የሚፈጨው?" አለችኝ። ጀይሉ የእያንዳንዱን እቃ እግር የበሰበሰውን ቆርጦ፣ የቀረውን በምላጭ እየፋቀ አበራው፤ ጣቱን ስንቴ እንደቆረጠ እሱ ነው የሚያውቀው፣ ለጊታሩ ጣት ተረፈው ወይ ብዬ እሰጋ ነበር። ጋሽ ሀያቱ ሙጫውን በአሮጌ ሬዲዮ ላይ ሞክሮ "ይይዛል" ብሎ ላከብኝ፤ ያቺን ጣት የማታክል እርሳሱን ጭምር ልኮልኛል። ሐሙስና አርብ በየድኩ። አባባ ሱቃቸውን ዘግተው ከሰሉ ጋ ተቀመጡ። የጋለውን ይሰጡኛል፣ የቀዘቀዘውን ይቀበሉኛል። ሙሽራዋ ሰርኬ፣ ሥራ እንዳትነካ የተባለችው፣ እጇ ላይ እንሶስላ እንዳደረገች አልጋው ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ይዛ ትቆጥራለች።

"ስልሳ አራት። ቀጥል።"

"ስልሳ አራት ብለሻል ቅድም።"

"ቅድም ስልሳ ሦስት ነው ያልኩት። አባባ፣ እሱ እኮ መቁጠር አይችልም፣ ለዚህ ነው የተበላሸው።"

አባባ ሳቁ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቅዳሜ ሰካነው። ጫጫታ የለም። ወፍጮው ስላልቆመ ድምፁ ደከም ያለ ነበር፣ ግን ንጹሕ ነው። አባባ መቶ አሥራ ሰባቱንም በጥፍራቸው ሊነኩ ሲሉ "ይናከሳል" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ሞልቷል። የወንዱ ወገን ገብቶ ተቀምጧል። ለጀይሉ ቤተሰብና ለጋሽ ሀያቱ ለብቻ ታርዶ በሌላ ቤት ተሰናድቶላቸዋል። ማጉያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የሰርኬ ቢጫ ቀሚስ ፊቱ ላይ ተወጥሯል። አቶ ተክለሃይማኖት ከፊት ወንበር ላይ ሆነው አዩትና ጎናቸው ላሉት ሰውዬ "የሻይ ሳጥን ነው እኮ" አሉ። አባባ ሰሙ፣ እኔም ሰማሁ።

ጀይሉ መታ። ድምፁ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞረ። ልጃገረዶቹ ተነሱ፣ ጭብጨባው ገባ፣ ጀይሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ዓመት አገጩ ሥር ያፈነውን ሁሉ ለቀቀው። እናቱ ከበሩ ቆማ ታየዋለች፤ ጊታሩንም የምትሰብር አትመስልም።

ከዛ ወፍጮው ተነሳ።

ረስቼዋለሁ። በዚያ ሁሉ ብየዳ መሃል ወፍጮው ትዝ አላለኝም። እትዬ ዙቤዳ እሁድ ይፈጫሉ፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፣ የእህሉ ወረፋ እስከ መንገድ ነው። ድምፁ ቀነሰ። ቫልቮቹ ገረጡ። ጀይሉ ዓይኑን ገለጠና አየኝ። ጭብጨባው ላላ። አቶ ተክለሃይማኖት አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ አየሁና የሚሉትን ሳልሰማ በድንኳኑ ጎን ሾልኬ ሮጥኩ።

ወፍጮ ቤቱ በር ጋ ሳልደርስ ወፍጮው ቆመ። እትዬ ዙቤዳ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ቅንድባቸው ሳይቀር በዱቄት ነጭ ሆኗል።

"ሰማኋት ስታንስ" አሉኝ። "ያንተዋ ሳጥን መሆኗን አውቄያለሁ፣ ሁልጊዜ እንደዛ ናት። ሂድ፣ ሂድ ልጄ።"

"እህሉስ፣ እትዬ? ወረፋው?"

ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች ቀድመው መለሱልኝ። አንዷ ጆንያዋን ወደ ድንኳኑ ፊት ጎተተችና ቁጭ አለችበት። "ጤፉ የትም አይሄድም፣ እኛም እንስማ" አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ወደ ድንኳኑ ስመለስ ድምፁ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ዳር ደግሞ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ወፍጮው ሙሽሮቹ እስኪወጡ አልተነሳም።

በመሃል አቶ ተክለሃይማኖት አባባን ጠጋ ብለው ሲያናግሯቸው ሰማሁ፣ ከኋላቸው ነበርኩ።

"አቶ መሸሻ፣ ይሄን ማነው የሠራው?"

"ልጄ ነው" አሉ አባባ። "መጀመሪያ እኔ አበላሸሁበት። ነገረኝ። ከዛ ደግሞ አብረን ሠራነው።"

አጎትየው ሌላ የሚሉት ነገር የጠበቁ ይመስለኛል። አባባ ግን ወደ ማጉያው ዞረው ማጨብጨብ ጀመሩ። ሰርኬ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ እኔን ፈልጋ አገኘችኝና አፏን ብቻ እያንቀሳቀሰች "መቶ አሥራ ሰባት" አለችኝ።

ሰኞ ዞሬ ሁሉንም አመሰገንኩ። ለእትዬ ዙቤዳ ከድግሱ ይዤ ሄድኩ፤ "ለእኔ ሳይሆን ለወፍጮው ስጠው፣ እሱ ነው የተከለከለው" አሉኝ፣ የሴቶቹን እህል ደግሞ ሰኞ ጠዋት ቀድመው ፈጭተውላቸዋል። ጋሽ ሀያቱ ጋ አባባ ራሳቸው ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ግን ሁለት የተሰበሩ የሬዲዮ ጀርባዎች ቆርቆሮ ሊያለብሱለት ይዘው ተመለሱ።

ጥር ወጣ፣ የካቲት ገባ። አንድ እሁድ፣ አባባ ከቤተክርስቲያን መልስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ አቶ ተክለሃይማኖት የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። እሁድ መምጣታቸው አውቀው ይሁን ሳያውቁ እንጃ። "ሰርኬ ናት አባባ ጋ ይውሰዱት ያለችኝ" አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አድርገው።

አባባ ነጠላቸውን አውልቀው አስያዙኝ። ከሰሉ እስኪያያዝ ማንቆርቆሪያውን እያገላበጡ አዩት። ከዛ ሳይስቁ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዱባለ። ይሄ መጽሐፍ አለው?"

"የለውም፣ አባባ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲያው አሲዱን አቀብለኝ" አሉ።